የሌሉ ሰዎች ጨዋታ

ሐምሌ በኬሚ ከተማ ማታው ማታ አይባልም፤
ፀሐይዋ ሸለብ እንጂ እንቅልፍ አይወስዳትም።
የጣውላው ፋብሪካ መጋዙን አቁሞ፣
ሠራተኛው ሁሉ ጓዙን ተሸክሞ፣
ወደየሐይቁ ዳር ሲበተን ለወሩ፣
አልተዘጋም ገና የቬይኮ ግን በሩ።

ሲርካ ብቅ አለች ዝግጁ ለመንገዷ፣
የዓሣ መንጠቆዋን አጋድማ በክንዷ።
«ቬይኮ፣ ባልቸገርህ፣ አንድ ነገር አድርግልኝ፤
በኢሜይል የሚመጣን ሁሉ "የለችም" በልልኝ።
ከነሐሴ አንድ ወዲያ ትመለሳለች በል።»
«ሂጂ» አላት ቬይኮ፣ «አምስት መስመር ይበቃል።»

አምስት መስመር ጻፈ፣ ቆሞ፣ የመኪና ቁልፍ ይዞ፦
ለሚመጣው ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ ተጉዞ፣
«የለሁም» በል፤ አክብር፤ ስሟን ከታች አኑር።
ስድስተኛው መስመር፣ የሁሉም ማሰሪያ፣ የሁሉም ድንበር፣
ሳይጻፍ ቀረ። ጀልባው ይጠብቀው ነበር።

የዱሮውን ቀልድ መቼም ሰምታችኋል፦
አበዳሪ መጥቶ በሩን ያንኳኳል፤
ልጁ ብቅ ይልና፣ «አባዬ "የለሁም በለው" ብሏል።»
ሰርቨርም እንደዚያ ልጅ ነው፤ አይዋሽም፣ አያፍርም፤
ያሉትን ይላል። ስንት ጊዜ እንደሆነ ካልነገሩት፣ አያቆምም።

ዓርብ በዐሥር ሰዓት፣ ከባልቲክ ማዶ፣ ከሊዬፓያ ወደብ፣
ጉንቲስ የጭነት ሒሳብ ላከ፤ አራት ገጽ፣ በደንብ።
ላከና እሱም ወጣ፣ ዕረፍቱ ደርሶ ነበር፣
«የለሁም» የሚል ማሽን ትቶ በእሱ ወንበር።

«የለሁም» አለች የሲርካ።
«የለሁም» አለ የጉንቲስ።
«መልእክትዎ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ፤ የለሁም።»
«አመሰግናለሁ፤ መልእክትዎ ደርሶኛል፤ የለሁም።»
ቅዳሜ ነጋ፣ መሽቶ ነበር ከተባለ፣
አንዱ የለሁም ሌላውን እየተቀበለ።
እሱ ሳይቆጣ፣ እሷም ሳትሰለች፣
በትሕትና እጅ ነሣ፣ በትሕትና እጅ ነሣች፤
እንደ ሁለት እንግዶች በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»
ሲባባሉ ውለው፣ አድረው፣ እዚያው እንደ ቆሙ።

እሑድ ማታ ቬይኮ ከሳውናው ወጥቶ፣
ጭኑ ላይ የበርች ቅጠል ተለጥፎ፣ የስልኩን ጩኸት ሰምቶ፦
«ዲስኩ ሞልቷል» ይላል፤ «ደብዳቤ አይገባም፣ አይወጣም።»
ሚስቱ ኢንከሪ «ተወው» አለች፤ «እስከ ሰኞ ሰው አይመጣም።»
እሱ ግን ቀዘፈ፤ ከዚያም ነዳ፣ መቶ ዐሥር ኪሎ ሜትር፣
ያልጻፋትን አንዲት መስመር በአፉ ሲደግም፣ ሲቈጥር።

ስልሳ አንድ ሺህ ደብዳቤ።
አንዱን ከፈተ። ሁለተኛውን። ያው ነው።
ሣቀ፤ ብቻውን፣ ማራገቢያው እየጮኸ።
ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው እዚህ ቤት ከገባ፤
እንዲህ ሁለት ሰው አላየም ሳይጣላ የተግባባ።

ሊሰርዝ ሲል ግን፣ ከክምሩ ሥር፣
ሌሎቹን የማትመስል አየ፤ አንዲት አጭር መስመር።
ከሲርካ ወንድም ናት፣ ከኦስሞ።
አራት ጊዜ ጽፏል፤ አራት ጊዜ «የለሁም» ተብሏል።
አራተኛዋ፦ «መሄድሽን አውቃለሁ፤
ለመጻፍ ያህል ነው።»

ቬይኮ ዐይኑን መለሰ። የሰው ደብዳቤ ነው።
ያየውን ግን እንዳላየ ማድረግ የሚችል ማነው?

ከዚያ ስድስተኛውን ጻፈ፦
ለአንድ ሰው፣ በሰባት ቀን አንዴ ብቻ፤ ከዚያ ዝም በል።
ሰባተኛም ጨመረ፦
ማሽን «የለሁም» ካለህ፣ እመነው። አትመልስ።
ስልሳ አንዱን ሺህ ጠረገ፤
የኦስሞን አራቱን ከሁሉ በላይ አስቀመጠ፣
ሲርካ ስትመጣ ከሒሳቡ በፊት እንድታገኛቸው።

ሲመለስ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤ ሐይቁ እንደ ወተት ነጭ።
በመቅዘፊያው ድምፅ ነቅታ፣ ኢንከሪ ተጣራች ከደጅ፦
«ቬይኮ፣ አለህ?»
ሦስት ቀን ሙሉ ያልተቋረጠው ቃል አፉ ድረስ መጣ፤ ዋጠው።
«አለሁ» አላት።
ከዚያ፣ አሁን የጻፈውን ደንብ ጥሶ፣ ደግሞ፦
«አለሁ።»